ባሕር ዛፍ የሌለበት እንጦጦ

መነሻው

ጉዳዩ የአንድ ትንሽ ሙዚየም ነው። ከአዲስ አበባ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ እንጦጦ ተዳፋት ላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ከሚጀምርበት አለፍ ብሎ ይገኛል። ስሙን አልጠራም። የሠራተኞቹንም እንዲሁ። እዚህ ከምጽፈው ውስጥ ስሕተት ይበዛል፤ ከስሕተቱ ደግሞ ግማሹ የኔ የአሠልጣኙ ነው።

ግቢው ሁለት የሣር ጎጆ፣ አንድ የዕቃ አዳራሽና አንድ የሸማኔ ዳስ አለው። ወፍጮው፣ ጋኑ፣ አገልግሉ፣ ጋሻና ጦሩ ከየቤተሰቡ የተሰጠ ነው። ሰባት ሠራተኞች አሉ፦ ሥራ አስኪያጇ፣ ሁለት አስጎብኚዎች፣ ትኬት ቆራጭ፣ ንብረት ክፍል፣ ጽዳትና ዘበኛ። ለሥልጠናው ሲባል ደግሞ አንድ የቴአትር ጥበባት ምሩቅ በኮንትራት ተቀጠረ።

ችግሩ ቀላል ነበር። ሰው አይቆይም። ቤተሰብ ይመጣል፣ ጋኑ አጠገብ ፎቶ ይነሣል፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መኪናው ውስጥ ነው። ተማሪዎች ሲመጡ አስጎብኚው የሸመደደውን ያወርዳል፤ ልጆቹ ከኋላ ስልክ ይነካካሉ። ሥራ አስኪያጇ ውጭ አገር «ሕያው ታሪክ» የሚሉትን ነገር በቪዲዮ አይታ ኖሮ ደወለችልኝ። «ሠራተኞቼን የዚያ ዘመን ሰው አድርግልኝ» አለች። እኔም ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ስድስት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ግማሽ ቀን ተስማማን።

አንደኛ መደብ ሲባል

አስጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው በሦስተኛ መደብ ነው። «በዚያን ጊዜ ሴቶች እህል የሚፈጩት በዚህ ነበር» ይላል። በአንደኛ መደብ ሲሆን ግን ሴትዮዋ ራሷ ወፍጮው አጠገብ ቆማ «ከዶሮ ጩኸት ጀምሮ ስፈጭ ወገቤ ተቆረጠ» ትላለች። ጎብኚው ይጠይቃታል፤ እሷም በዚያ ዘመን ሰው አፍና አእምሮ ትመልሳለች። ቴአትር አይደለም። የተጻፈ ቃለ ተውኔት የለም፤ ተመልካቹም ዝም ብሎ አይቀመጥም።

የዚህ ዓይነቱ ሙዚየም ሥር ስዊድን ነው። አርተር ሃዜሊየስ እ.ኤ.አ. በ1891 ስቶክሆልም ላይ ስካንሰን የሚባለውን ገላጣ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ሙዚየም ሲከፍት፣ ከየገጠሩ የተነቀሉ ቤቶችን አምጥቶ የየአገሩን ልብስ የለበሱ ሰዎች አስገባባቸው። አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፕሊመዝ የሚባለው ሙዚየም ደግሞ መንደሩን በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1627፣ ላይ አቁሞታል። እዚያ የሚያገኙት ገበሬ ከ1627 በኋላ የሆነ ነገር ቢጠይቁት አያውቅም።

እኛም ዘንድ ለነገሩ ባዳ አይደለም። ፎካሪ ሲፎክር በአባቱ ጀግንነት ውስጥ ገብቶ ነው። አልቃሽም አንዳንዴ በሟቹ አንደበት ትናገራለች፤ «ልጆቼን አደራ» ስትል ቤቱ ይናወጣል። ይህን ለሠልጣኞቹ ስነግራቸው ፊታቸው ፈታ አለ። የፈረንጅ ጨዋታ መስሏቸው ነበር።

ዓመት መምረጥ

ሥራ አስኪያጇ የፈለገችው 1888ን ነበር። ሁሉም የፈለገው እሱኑ ነው። ጋሻ ይዞ «ዐድዋ ዘመትኩ» ማለት የማይወድ ማን አለ? እኔ ግን 1882 ይሁን ብዬ ተከራከርኩ፤ በመጨረሻም ተስማማን።

ምክንያቴ ይህ ነው። የሙዚየሙ ግቢ ያለው እንጦጦ ላይ ነው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። አዲስ አበባ ስሟ ከወጣ ገና ሦስት ዓመቷ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠርተዋል፤ ሰዉ ቀስ በቀስ ከተራራው ብርድ ወደ ታች እየወረደ ነው። አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ዓመት አልሞላም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ክፉ ቀን ነው። በ1880 ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ አገሩን አዳርሶ፣ በሬ አልቆ፣ እርሻ ቆሞ፣ ረኃቡ የገባበት ዓመት ነው። ከላይ ዘውድ፣ ከታች ባዶ ጎተራ። በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ነገር ካለ ሌላ ምን ይፈለጋል?

ደግሞ አንድ ዓመት መምረጥ ራሱ ሥራውን ግማሽ ያቀልለዋል። «በድሮ ጊዜ» ከተባለ ሠልጣኙ ከአጼ ቴዎድሮስ እስከ ጃንሆይ የሰማውን ሁሉ ይቀላቅላል። 1882 ከተባለ ግን ሊያረጋግጡት ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ ሦስት ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅቼ «ይህን አጥኑ» አልኳቸው። አጠኑ። ውጤቱ ያው የሸመደደ አስጎብኚ ሆነ፤ ልዩነቱ ነጠላ መልበሱ ብቻ ነው። መሐል ላይ ጥያቄ ሲገባባቸው ከየት እንደጀመሩ ይጠፋባቸዋል።

የቴአትር ምሩቁ ደግሞ በሌላ በኩል አስቸገረኝ። ጎበዝ ተዋናይ ነው። ግን ሲናገር ሰው ያዳምጣል እንጂ አያወራውም። ድምፁ ከመድረክ የመጣ ነው። የአማርኛውም ነገር አለ፤ እንደ ታሪካዊ ድራማ «አንተ ከሐዲ!» ዓይነት ንግግር ያበዛል። የ1882 ሰውም እኮ በርበሬ ይወደድበታል፣ ጉንፋን ይይዘዋል፣ ከጎረቤት ይጣላል። ሁልጊዜ አይፎክርም።

ሌላው የቃል ነገር ነው። «ፕሮብሌም የለም»፣ «ኦኬ»፣ «አምስት ደቂቃ ጠብቁ»፤ እነዚህ ከአፍ አይጠፉም። አንድ ጠዋት ዝም ብለን ቃል ስንለቅም ዋልን። ሰዓት ሳይሆን ጥላና የቤተ ክርስቲያን ደወል። ገበያ ላይ ማርትሬዛ ብርና አሞሌ ጨው። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ማርትሬዛውን አገላብጦ አይቶ «ይሄ 1780 ይላል፤ የኛ ዓመት ደግሞ 1882 ነው፤ ሐሰተኛ ነው እንዴ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ብሩ ሁልጊዜ የሚመታው በዚያው መልኳ በታተመበት በኦስትሪያዋ ንግሥት በማሪያ ቴሬዛ መሞቻ ዓመት ነው፤ ቁጥሩም የፈረንጅ ነው።

ትልቁ ትምህርት ግን የመጣው ከትኬት ቆራጯ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ያደገችው እዚያው ሠፈር ነው። ተራዋ ሲደርስ እንስራ እንዳዘለ ሰው ጎበጥ ብላ ገባችና «ኡፍ! ከጫካ ባሕር ዛፍ ቅጠል ለቅሜ መምጣቴ ነው» አለች። ሁላችንም አመንናት። ድምጿ፣ አቀማመጧ፣ ላቧን አጠራረጓ ልክ ነው። ተራራውም ከኋላዋ በባሕር ዛፍ ተሞልቶ ይታያል።

ግን 1882 ላይ እንጦጦ ባሕር ዛፍ የለውም። ዛፉ ከአውስትራሊያ መጥቶ እዚህ የተተከለው በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ያመጡትም የከተማው ሰው ጥዱንና ወይራውን ቆርጦ ጨርሶ ማገዶ ስላጣ ነው። ይህን ስነግራት ዞር ብላ ተራራውን አየችው። «ታዲያ ምን ነበር እዚህ?» አለች። «ራቁት» አልኳት። ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም። እናቷ በዚያ ጫካ ቅጠል ጠርጋ፣ ማገዶ ተሸክማ ሽሮ ሜዳ አውርዳ ነው ያሳደገቻት። ለእሷ እንጦጦ ማለት ባሕር ዛፍ ነው።

አለማወቅን መለማመድ

ከዚያ በኋላ ሦስት ገጹን ጽሑፍ ሰበሰብኩና ቀደድኩት። በምትኩ ለእያንዳንዱ አንድ ወረቀት ሰጠሁ፤ መሐሉን መስመር አሰምሬ። በስተቀኝ «የማውቀው»፣ በስተግራ «የማላውቀው»። ራሳቸው እንዲሞሉት።

የቀኙ ቶሎ ሞላ። ከብት ማለቁን አውቃለሁ። ንጉሡ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸውን ሰምቻለሁ። ጠላ መጥመቅ አውቃለሁ። የግራው ግን ሳምንት ፈጀ። ባሕር ዛፍ አላውቅም። ባቡር አላውቅም። መኪና አላውቅም። ዐድዋ የምትባል አገር ትግሬ እንዳለች ሰምቼ ይሆናል፤ ጦርነት አላውቅም። የውጫሌ ውል ባለፈው ሚያዝያ ተፈርሟል፤ እኔ ቅጠል ለቃሚ ነኝ፤ ስለ ውል ማን ይነግረኛል?

ቡናውም እዚህ ውስጥ ገባ። ሥራ አስኪያጇ ጎጆው ውስጥ ቡና ይፈላ ባይ ነበረች፤ ረከቦት፣ ዕጣን፣ ቄጤማ፣ ሙሉ ሥነ ሥርዓት። ጎብኚ ይወደዋል፤ ገንዘብም ያመጣል። ነገር ግን በዚያን ዘመን ቡና በክርስቲያኑ ዘንድ ገና በጥርጣሬ የሚታይ ነበር፤ የእስላም መጠጥ ነው ይባል ነበር። መላመድ የጀመረው በዚያው በምኒልክ ዘመን ነው። የድሃ ወታደር ሚስት ቤት ሦስተኛ እስኪጠጣ አይኬድም። ስለዚህ ጎጆው ውስጥ ጠላ ሆነ። ቡናው ከግቢው በር አጠገብ፣ በኛ ዘመን፣ በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን ይፈላል። ሥራ አስኪያጇ እስካሁን በዚህ ታኮርፈኛለች።

የግራው ዓምድ ያመጣውን ለውጥ ያየሁት አንድ የስድስተኛ ክፍል ቡድን ሲመጣ ነው። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ባልሽ ዐድዋ ዘምቷል?» አላት። «ዐድዋ? ምን ሊሠራ?» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሁሉም እየተሻሙ ይነግሯት ጀመር። ጣልያን ይመጣል፤ በየካቲት፤ እናሸንፋለን። እሷ አፏን ከፍታ ታዳምጣለች። «ባሌስ? ተመልሶ ይመጣል?» አለቻቸው። ጸጥ አሉ። ማንም አያውቅም። ከኋላ አንዲት ልጅ ቀስ ብላ «አናውቅም» አለች። አስተማሪያቸው በኋላ ስለ ዐድዋ ሦስት ጊዜ አስተምሬያቸዋለሁ፣ እንዲህ ሲያወሩበት ግን ሰምቼ አላውቅም አለኝ።

ጋሼ ዘበኛው

ለዘበኛው ያሰብኩት የወታደር ገጸ ባሕርይ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፤ ቁመናቸው ያምራል። ጋሻውን ሰጠኋቸው። ግድግዳው ላይ መልሰው ሰቀሉት።

«እኔ የሱሉልታ ሰው ነኝ» አሉኝ። «አያቴም የዚህ ተራራ ሰው ናቸው። ከብት ያግዱ ነበር እንጂ ድንኳን አልተከሉም። መሆን ካለብኝ እሳቸውን ልሁን።»

ትክክል ነበሩ። እኔ እንጦጦን ሳስብ የመጣውን ሠራዊት እንጂ ቀድሞ የነበረውን የቱለማ ኦሮሞ አላሰብኩም ነበር። አሁን ጋሼ ቅቤና ገብስ ለሠፈሩ ሊሸጡ የመጡ ገበሬ ናቸው። ጎብኚ ሲገባ መጀመሪያ «አካም ቡልተን?» ይላሉ፤ ከዚያ ጎደል በምትል አማርኛ ይቀጥላሉ። «ከብቴ እዚህ ይግጥ ነበር፤ አሁን ሠፈር ሆነ። ከብቱም አለቀ፣ ሜዳውም ሄደ።» ብዙ አያወሩም። አንዳንዱ ጎብኚ ይከራከራቸዋል። እሳቸው ቅቤያቸውን ይመዝናሉ። የሚናደድም አለ፤ ተናዶ ግን አይወጣም፤ ቆሞ ያወራል።

ሰባ ሰባት

ይህን ጉዳይ እንድጽፍ ያደረገኝ ቀን በአራተኛው ሳምንት የዋለ ቅዳሜ ነው።

ለሙከራ ጎብኚ አስገብተናል። ትኬት ቆራጯ ጎጆው ውስጥ ምድጃ ዳር ተቀምጣለች። ገጸ ባሕርይዋ ባሏ የዘመተባት፣ በሬዎቿ ያለቁባት፣ ልጇን የቀበረች ሴት ናት። አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ገቡ። ሰባ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ አነጋገራቸው የወሎ ነው። መደቡ ላይ አረፍ አሉ። ትኬት ቆራጯ ስለ በሬዎቹ አወራች። ስለ ልጇም አወራች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗን እሳቱ ላይ ተክላ።

እናትዬዋ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «አይዞሽ የኔ ልጅ» አሉ። «እኔም በሰባ ሰባት ሁለት ቀብሬያለሁ።»

ትኬት ቆራጯ እንደተማረችው አደረገች። ለእሷ አሁን 1882 ነው። ሰባ ሰባት ማለት 1877፣ በሽታው ሳይመጣ፣ በሬው ሳያልቅ ማለት ነው። ቀና ብላ «ሰባ ሰባትማ ጥጋብ ነበር እናቴ» አለች።

በታሪኩ በኩል አንድ ስሕተት የለባትም። እኔም በር ላይ ቆሜ ለአንድ አፍታ ያህል «ጎበዝ!» ብያለሁ በልቤ። ከዚያ የእናትዬዋን ፊት አየሁት። እሳቸው የሰሙት የ1977ቱን ረኃብ፣ የቀበሯቸውን ሁለት ልጆች፣ አንዲት ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠች ወጣት «አልነበረም» ስትላቸው ነው። የልጅ ልጃቸው ብድግ አለች። «ምን ዓይነት ቀልድ ነው ይሄ?» ትኬት ቆራጯ ደነገጠች፤ ግን አልወጣችም። ከገጸ ባሕርይ እንዳይወጡ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። «ምንም ቢመጣ አትውጡ» ብዬ። እሷም በዚያው አንደበት «ምን በደልኩ እናቴ?» አለች። ባሰ።

ተከትለናቸው በር ላይ ደረስን። ትኬት ቆራጯ ጉልበታቸውን ስማ ይቅርታ ጠየቀች፤ በራሷ አፍ። እናትዬዋ አነሷት። «አንቺማ ልጅ ነሽ» አሏት። እኔን አላናገሩኝም። ልክ ነበሩ።

ነጠላው

ሰኞ ዕለት ሥልጠና አልነበረም፤ ሁላችንም ግን መጣን። ጥያቄው አንድ ነው፤ ከገጸ ባሕርይ እንዴት ነው የሚወጣው? ጎብኚው ሳይነገረው የሚገባው፣ ሠልጣኙም ሳያቅማማ የሚያደርገው ምልክት ያስፈልጋል። ይህን መጀመሪያ ቀን ማስተማር ነበረብኝ። ዋናተኛን ከመዋኘት በፊት መውጫውን ነው የሚያሳዩት።

አንዷ አስጎብኚ ነጠላውን ገልብጠን ጥለቱን ወደ አንገት እናድርግ አለች። በደንብ ይታያል። ተስማምተን ልንለማመድ ስንል ጋሼ ዘበኛው ሳቁ። «እንዲህ አድርጋችሁ ከወጣችሁ ሰዉ ማን ሞተ ነው የሚላችሁ» አሉ። እውነትም ጥለቱ ወደ ላይ ሲሆን የለቅሶ ነው። ረስተነው ነበር፤ ወይም እኛ ልጆቹ አላስተዋልነውም።

በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው። ሴቶቹ ነጠላውን ከራሳቸው ላይ አውርደው ትከሻቸው ላይ ይጥላሉ። ወንዶቹ ዱላቸውን ግድግዳ ያስደግፋሉ። ከዚያ «አሁን እንደ ራሴ ልንገርዎ» ይላሉ። ለመመለስ ነጠላው ወደ ራስ፣ ዱላው ወደ እጅ። ጎብኚው በር ላይ ሲገባ አስጎብኚው ይህንኑ ይነግረዋል፤ «ነጠላውን አውርጂልኝ ማለት ይችላሉ» ብሎ። ብዙ ሰው ይህን መብት አይጠቀምበትም። መኖሩን ማወቁ ብቻ ዘና ያደርገዋል።

የመውጫውንም ጊዜ ወሰንን። ጎብኚ የራሱን ሐዘን ካነሣ፣ ወዲያው። ልጅ ከፈራ፣ ወዲያው። ሰው ከታመመ፣ ልጅ ከጠፋ፣ ሽንት ቤት ከተጠየቀ፣ ወዲያው። የመጨረሻው ያስቃል፤ ግን ምክንያት አለው። የቴአትር ምሩቁ አንዲትን ጎብኚ በ1882 አነጋገር «ከጓሮ፣ ከቁጥቋጦው ሥር» ብሎ ልኳት፣ ሴትዮዋ እውነትም ሄዳለች።

ወፍጮው ጋ

ይህን ክፍል ልዝለለው ብዬ ነበር። ግን ከሁሉም የከበደን እሱ ነው።

ምሩቁ የሻለቃ ገጸ ባሕርይ ነበረው። አንድ ተማሪ ወፍጮውን አይቶ «እናንተ ቤት የሚፈጨው ማነው?» ሲለው ደረቱን ነፍቶ «ባሮቹ ናቸዋ!» አለ። ልጆች ሳቁ። ሁለት ልጆች አልሳቁም። አስተማሪዋም አልሳቀችም።

መልሱ ሐሰት አይደለም። በዚያ ዘመን ደህና ኑሮ ባለው ቤት ወፍጮና ውኃ መቅዳት የባሪያ ሥራ ነበር። ባርነት ጨርሶ በሕግ የታገደው በ1934 ዓ.ም. ነው። ችግሩ የእውነቱ አይደለም፤ በማን አፍና በምን ድምፅ እንደተነገረ ነው። በአንደኛ መደብ ስትናገር ገጸ ባሕርይህ የሚኮራበትን አንተ የኮራህበት ይመስላል። ለተሰደበው ሰው መልስ የሚሰጥ ማንም እዚያ የለም።

ሌሎችም ተፈትነውበታል። ቨርጂኒያ ያለው ኮሎኒያል ዊሊያምስበርግ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1994 የባሪያ ጨረታን በትዕይንት ሲያሳይ ትልቅ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። ሐሳቡን ያመነጩት ራሳቸው የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ክፍል ሠራተኞች ነበሩ፤ ያየ ሰው ሁሉ ግን በአንድ ዓይን አላየውም። እነሱ ብዙ ልምድ አላቸው። እኛ ስድስት ሳምንት ነው ያለን።

ተነጋግረን ወሰንን። ባሪያን ወይም ባለ ባሪያን ማንም ሆኖ አይናገርም። ወፍጮው አጠገብ ሰው አይቆምም። አስጎብኚዋ በሦስተኛ መደብ፣ በራሷ ድምፅ፣ ማን ይፈጭ እንደነበር ትናገራለች። ከዚያ መጁን ለጎብኚው ትሰጠዋለች፤ አንድ እፍኝ ገብስ። ትልቅ ሰው ሦስት ደቂቃ ሳይሞላው ቀና ብሎ ወገቡን ይይዛል። «አንድ እንጀራ ስንት እፍኝ ይፈልጋል?» ብለው የሚጠይቁ አሉ። የሻለቃው ገጸ ባሕርይ ቀረ። ምሩቁ አልተደሰተም፤ ኮንትራቱ ሲያልቅ ሄደ።

ሸማኔውም በራሱ መንገድ ይህንኑ አለኝ። ከሽሮ ሜዳ ያመጣነው ነው። 1882 ላይ ሸማኔ ሁን ስለው «በዚያን ጊዜ የኔ ቢጤ እንዴት ይጠራ እንደነበር ታውቃለህ?» አለኝ። አውቃለሁ። ምኒልክ ኋላ ባለ ሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። እሱም ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ፣ መወርወሪያውን እየወረወረ፣ በጂንስ ሱሪው፣ እንደ ራሱ ያወራል። ከግቢው ሁሉ ሰው የሚበዛው እሱ ጋ ነው። እኔ ሥልጠና የሰጠሁት ነገር የለም።

የሠራውና ያልሠራው

አሁን ተማሪዎች አንድ ሰዓት ያህል ይቆያሉ፤ ድሮ ሃያ ደቂቃ ነበር። ቤተሰብም ልጆቹን ይዞ ይመለሳል። ከስድስቱ ሠልጣኞች በአንደኛ መደብ የዘለቁት ሦስት ናቸው፤ ትኬት ቆራጯ፣ ጋሼ ዘበኛውና አንዷ አስጎብኚ። ሌሎቹ ሞክረው አልተመቻቸውም፤ አላስገደድኳቸውም።

የሠፈር ሰው ግን አስቸጋሪ ነው። ጎረቤት ይገባና «ውይ! ያቺ ትኬት የምትቆርጠዋ አይደለችም እንዴ!» ብሎ በቅጽል ስሟ ይጠራታል። ለዚህ መላ አላገኘንም። እሷ ትስቃለች፣ ነጠላዋን ታወርዳለች፣ ሰላም ትላለች፣ ትመለሳለች።

ለውጭ አገር ጎብኚም አልሆነም። የ1882 ቅጠል ለቃሚ እንግሊዝኛ ስትናገር ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል። አስጎብኚ መሐል ገብቶ ማስተርጎሙ ይሻላል፤ ግን ይንዛዛል። በባዶ እግር መቆምም ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የዘለቀው። እንጦጦ ብርድ ነው። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በሳል ሲታፈን ሁሉም ጫማ አደረገ፤ ጎብኚ ከጠየቀ ነጠላው ይወርዳል።

የደመወዙ ነገር ደግሞ አለ። ትኬት ቆራጯ ጠዋት ትኬት ትቆርጣለች፣ ከሰዓት ልጇን ትቀብራለች፤ ደመወዟ ያው ነው። ገጸ ባሕርይ ውስጥ መዋል ያደክማል፤ በተለይ የእሷ ዓይነቱ። ውል ላይ አስቀድሞ መጻፍ የነበረበትን እኔ አላነሣሁም፤ ሥራ አስኪያጇም አላሰበችውም። ከብዙ ንግግር በኋላ በቀን ከሁለት ዙር በላይ እንዳትገባ ተወሰነ፤ ትንሽ አበልም ተጨመረላት።

ሌላ ቦታ ለሚሞክሩ

ጎንደርም ይሁን ሐረር፣ ሙዚየም ያለውና ይህን መሞከር የሚያስብ ሰው ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው አልባሳት አትግዙ ነው። ገንዘቡ እዚያ ያልቃል። መጀመሪያ አንድ ዓመት ምረጡ። ከዚያ የ«የማላውቀው» ወረቀት። ሠልጣኙ የዘመኑን ሰው የሚመስለው ብዙ ሲያውቅ አይደለም፤ ልክ በሚያስፈልገው ቦታ ሳያውቅ ሲቀር ነው።

መውጫውን በመጀመሪያው ቀን አስተምሩ፤ ምልክቱንም ከመወሰናችሁ በፊት ለአንድ ሽማግሌ አሳዩ። ማንም የማይሆነውን ገጸ ባሕርይ ጎብኚ ከመግባቱ በፊት ወስኑ፤ ልጆች ፊት ቆመው አይደለም። ገጸ ባሕርይ ስታድሉ ደግሞ ሰውየውን ጠይቁት። ጋሼ ጋሻውን ባይመልሱልኝ ኖሮ ያ ግቢ ግማሽ ታሪክ ብቻ ይዞ ይቀር ነበር። የዓመተ ምሕረቱን ነገርም ልብ በሉ። እኛ «ሰባ ሰባት» ስንል መቶውን አንጠራም፤ ስለዚህ ሰማንያዎቹን የመረጠ ሙዚየም ሰማንያዎቹን ሁለት ጊዜ እንደመረጠ ይቁጠረው።

የምድጃው ጭስ

ባለፈው ሐምሌ ለጉብኝት ሄጄ ጎጆው ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ዝናብ ነው። እሳቱ ይነዳል፤ ትኬት ቆራጯ ስለ ማገዶ እጥረት ለልጆች ታወራለች። ጥዱ አልቋል፣ ወይራው አልቋል፣ ሰዉ ከሩቅ ነው የሚያመጣው። አንድ ስምንት ዓመት የማይሞላው ልጅ አፍንጫውን ሽቅብ አድርጎ አሸተተ። «ታዲያ ይሄ የባሕር ዛፍ ሽታ ነው» አለ። «አያቴ ቤት እንዲህ ነው የሚሸተው።»

ምድጃውን አየሁ። እውነት ነው። ሌላ እንጨት ከየት ይምጣ? ጥድና ወይራ መቁረጥ ክልክል ነው፤ ሠፈሩ ውስጥ የሚሸጠው ማገዶ ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ባሕር ዛፍ የሌለበትን ዓመት በባሕር ዛፍ ጭስ ስናሞቅ አንድም ሰው አልነቃብንም ነበር።

ትኬት ቆራጯ እኔን አላየችኝም። ልጁን አየችው። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣለች።

«አሁን እንደ ራሴ ልንገርህ» አለችው። «ይሄን እንጨት እናቴ ናት የተሸከመችው።»